ከሄደ በኋላ የተጠራው ስም

ውድ ክሌም፣

ስልክ ብደውል አታነሳም። መልእክት ብተውልህ አትመልስም። ኤሪ ከተማ ላለችው ልጅህ ደውዬ ብጠይቃት «ደህና ነው አክስት ቬርና፤ ሐይቁን እያየ ይውላል» አለችኝ። የፒትስበርግ ሰው ሐይቅ እያየ ሲውል ደህና ነው ይባላል እንዴ? እንግዲህ አትቀየመኝ፤ በየሳምንቱ ወሬ በማወራበት በዚሁ የመጽሔት ገጼ ላይ ጻፍኩልህ። ከተማው ሁሉ በትከሻህ በኩል እያጮለቀ ያንብበው።

እኔ በጥር የከፈትኩትን አፍ ገና አልዘጋሁትም።

ያቺን ማክሰኞ መቼም አትረሳትም። ኢርማ ምግብ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛችን ተቀምጠን፣ የዓሣ ሳንድዊቻችንን ገና አንዴ እንደ ገመጥን ቴሌቪዥኑ ግርጌ ላይ የዜና ጽሑፍ አለፈ። የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ኮከብ ዛየር ኮልብሩክ ወደ ሉዊቪል ተዛወረ፤ በምትኩ ለቡድናችን ሦስት ተጫዋቾች ይሰጡታል፣ ወደፊት አዳዲስ ወጣቶችን የመምረጥ መብትም ይጨመርለታል። ኢርማ የቡናውን ማሰሮ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ሌላ ኮልብሩክ ይሆናል» አልክ።

«ስንት ኮልብሩክ አለን?»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ፤ ላንብበው!»

ሁለተኛ ሲያልፍም ያው ነው። ሳንድዊችህን የሚሰበር ዕቃ ይመስል ቀስ አድርገህ ሳህኑ ላይ መለስከው። «አንድ በሬ ሰጥተው ሦስት ጥጃ ተቀበሉ» አልክ። «በጥጃ አርሶ ዋንጫ የበላ ማን አለ?»

«እኔን ከጠየቃችሁኝ...» አለች ኢርማ።

«ማን ጠየቀሽ?» አልካት።

«...ኮልብሩክ ኳሷን ሲይዝ የቀሩት አራቱ ቆመው ነበር የሚያዩት። ከኛ የሚለዩት ትኬት ባለመግዛታቸው ነው።»

ቡናህን ሳትጨርስ ወጣህ። እኔም በዚያው ሳምንት በዚህ ገጽ የቡድኑን አለቆች ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። ኮከብ ሸጦ ዋንጫ መፈለግ ጣሪያውን አፍርሶ ግድግዳ እንደ መለሰን ነው ብዬ ጻፍኩ። በደንብ የጻፍኩም መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ያ የሐሙስ ጨዋታ መጣ። አንተ የተጫዋቾቹን ስም ልትጠራ እንደ ሁልጊዜው ሜዳው ዳር፣ ማይክሮፎንህ ፊት፤ እኔም እንደ ሁልጊዜው ከኋላህ። መብራቱ ጠፋ። ጨዋታውን ከሚጀምሩት አምስቱ አራቱን ጠራሃቸው። አምስተኛው፣ የመጨረሻው፣ ለዘጠኝ ዓመት አንድ ስም ብቻ ነበር። ያን ቀን መጠራት የነበረበት ሉተር ፔቲግሩ ነው፤ ከሦስቱ ጥጆች ትንሹ። ወረቀቱ ፊትህ ነበር። አፍህ ግን ወረቀት አያነብም።

«ዛ... የ... ር! ኮል...ብሩክ!»

ሕዝቡም ለምዶበታልና ግልብጥ ብሎ ተነሣ። ጣሪያው ሊነቀል ደረሰ። ከዚያ ጩኸቱ መሀል ላይ ቁርጥ! ስታዲየም ሙሉ ሰው አንድ ላይ ክው ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ትንፋሹ ወደ ውስጥ ሲሳብ ይሰማል። ከኋላዬ አንዱ «ተመለሰ እንዴ?» ሲል ጓደኛው «ምን ይመለሳል! የሽማግሌው አእምሮ ነው የሄደው» አለው። ዞሬ ገላመጥኩት። ያን ጊዜ ፔቲግሩ ከመውጫው አፍ ቆሞ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ፣ ከዚያ በሰው ስም ሮጦ ወጣ።

አንተም ማይክሮፎኑን አጥፍተህ፣ ኮትህን ይዘህ፣ ጨዋታው ሳይጀመር በጨለማው ወጣህ። በነጋታው መኪናህ ከደጅህ አልነበረችም።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ወይም አውቀህ እንዳላወቅህ የሆንክበትን።

ጥጆቹ አረሱ፣ ክሌም! በመጀመሪያ ተሸነፉ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ቀጥሎ ማሸነፍ ጀመሩ። ኳሷ እንደ ኢርማ ቤት ወሬ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች፤ አንድ ሰው ጋ አትቆይም። ለዋንጫው ጥሎ ማለፍ አለፉ። ይህን የሰማሁ ቀን ወንበሬን ይዤ ቀረሁ። የባሰው ገና ነው፦ የምንገጥመው ማንን መሰለህ? ሉዊቪልን። ቅዳሜ፣ እዚሁ በሜዳችን። ዛየር ኮልብሩክ እንግዳ ሆኖ ይመጣል። አለቆቹ ልክ ነበሩ ወይስ እኔ፣ ያን ጊዜ ይለያል። ኢርማ ከወዲሁ «ከቅዳሜ በኋላ ዓሣሽን የማቀርብልሽ አሸናፊ ሆኜ ነው» እያለች ታሾፍብኛለች።

ግን ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለጨዋታው ብዬ አይደለም።

ሰው ሁሉ አፍሮ ሄደ ይላል። እኔ ግን ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ስንት ዓመት የሰማሁህ ሰው ነኝ። በጨዋታ ቀን ከጋራዥህ ስሞቹን ስትለማመድ ወጥ ቤቴ ድረስ ይሰማኛል። ሚስትህ ዶሎሬስ ከሞተች በኋላ ለሰላምታ እንኳ ድምፅህ አይወጣም ነበር፤ የኮልብሩክን ስም ስትጠራ ብቻ ሙሉ ሰው ትሆን ነበር። የእንግዳ ቡድን ስም ደግሞ እንዴት እንደሚነበብ አንተው ነህ ያስተማርከኝ፤ ሳይጎተት፣ ሳይደምቅ፣ የባቡር ሰዓት እንደሚነበብ። አንድ ቀን ያን ስም እንደዚያ ማንበብ ይመጣብኛል ብለህ ነው የሸሸኸው። ተሳሳትኩ?

ባለፈው ሳምንት ፔቲግሩን ለዚህ ገጽ አነጋገርኩት። ረጅም፣ ጨዋ፣ ሲቀመጥ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው ግራ የሚገባው ልጅ ነው። ገና ሳልጠይቀው «ያ ሰውዬ ይመጣል?» አለኝ።

«ተቀይመኸዋል?»

«ኧረ በጭራሽ! ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲቆም አይቼ አላውቅም። ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እግሬ ግን ምን ያውቃል? ሮጠ።» ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና «አንድ ጊዜ የእኔን ስም ቢጠራው ደስ ይለኛል። ልክ አድርጎ» አለኝ።

በአንተ ፋንታ ስም የምትጠራው ታሻ ግሪንሊ ናት። ጎበዝ ናት። ይኸው ከጥር ጀምሮ ግን ቆማ ነው የምትሠራው፤ ወንበርህ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። «ለምን?» ብላት «እኔ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ፤ የሰው ወንበር አልነካም» አለችኝ። «ቅዳሜ ካልመጣ ግን እቀመጣለሁ። እግሬም እግር ነው።» አልፈርድባትም።

የአንተንም የደጅ ወንበር ታውቀዋለህ፤ እንደ ሰፈራችን ልማድ በረዶውን ጠርገህ ለመኪናህ ቦታ ያስያዝክበት አረንጓዴው የወጥ ቤት ወንበር። አሁንም መንገዱ ላይ አለ። በረዶው ቀልጦ፣ ሣር በቅሎ፣ ሚያዝያ ገብቶ እሱ እዚያው ነው። ጎረቤታችን ቪንስ «ቬርና፣ በረዶ እኮ የለም፤ ምን ይጠብቃል ይሄ ወንበር?» ሲለኝ «አንሣውና ታያለህ!» አልኩት። አላነሣውም።

ቅዳሜ ግን በቀትር ወጥቼ እኔ ራሴ አነሣዋለሁ። ቦታው ክፍት ይሆናል። በጨዋታ ቀን በሰፈራችን ክፍት ቦታ ምን ያህል እንደሚቆይ ለአንተ አልነግርህም። ቪንስም መኪናውን አስነሥቶ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ።

እና በጠዋት ተነሣና ና። የኮልብሩክን ስም እንደ ማንኛውም እንግዳ አንብበው፤ ከከበደህ እኔ ከኋላህ ነኝ። ከዚያ መብራቱ ሲጠፋ፣ አራቱን ጠርተህ ስትጨርስ፣ ያን ልጅ በስሙ አስወጣው።

ሉ... ተ... ር። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሞክሬዋለሁ። እንደ አንተ አይወጣልኝም እንጂ፣ ለመጎተት ይመቻል።

ከመንገዱ ማዶ፣ ወንበርህን የምትጠብቅልህ

ቬርና