የተቀያየሩት ክዳኖች

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ትናንት አይቼህ መጥቼ እንዲህ ማለት ማስመሰል ሆነብኝ። ስለዚህ ዳር ዳር ሳልል ልግባበት። የመጀመሪያው ፊልምህ የታየ ዕለት የሆነውን ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ስታወራ ኖረሃል፤ እውነቱን ግን አታውቀውም። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ጊዜ በሲኒማ ቤቱ ፊልም የማሳየው እኔ ነበርኩ፤ ሥራውንም ያስገባኸኝ አንተ ነህ። ፊልምህ ተጠቅልሎ በስድስት ጣሳ መጣ። በሦስተኛው ጣሳ አባትየው ከልጆቹ ጋር ምሳ ይበላል፤ ሾርባው ጨው አነሰው ብሎ ይነጫነጫል። በአራተኛው ይሞትና ይቀበራል። እኔ ሁለቱንም ጣሳ ከፍቼ አቧራ ስጠርግ ክዳናቸውን አቀያየርኩት። ቁጥሩ የተጻፈው ክዳኑ ላይ ነው እንጂ ጣሳው ላይ አልነበረም። ነገሩ ይኸው ነው። ሰውዬው መጀመሪያ ተቀበረ፤ ከዚያ መጥቶ ምሳ ላይ ተቀመጠና ጨው አምጡ አለ፤ ልጆቹም ምንም እንዳልተፈጠረ አቀበሉት።

ከአዳራሹ ሰው ግማሹ "በሙት ይቀለዳል እንዴ?" እያለ ጥሎ ወጣ፤ ግማሹ ወንበር ላይ ወጥቶ ያጨበጭባል። አንተ እኔ ወዳለሁበት የማሳያ ክፍል ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልክ ስትመጣ ሰማሁህ። ልትመታኝ መስሎኝ ፊቴን በክንዴ ሸፈንኩ። አንተ ግን ሁለት እጄን ይዘህ፣ "እታለም፣ እንዴት አወቅሽ? እኔ ሁለት ዓመት ፈልጌ ያጣሁትን አንቺ እንዴት አወቅሽው?" አልከኝ።

አባባ ከልጅነቴ ጀምሮ "ፈዛዛዋ" ነበር የሚለኝ። ዕቃ ሲጠፋ እኔ፣ ወተት ሲገነፍል እኔ ነበርኩ። አንድ ሰው፣ ያውም አንተ፣ እንዴት አወቅሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። "ታየኝ" አልኩህ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር ያውቀዋል። ጋዜጣው "ነውረኛ" ብሎ ጻፈብህ፤ ሦስት ከተማ ላይ ፊልሙ ታገደ፤ በታገደ ቁጥር ወጣቱ እየተሻማ አየው። ዘጠኝ ጊዜ ያዩት ነበሩ፤ ሰውዬው ጨው ሲጠይቅ አዳራሹ በሙሉ አብሮት ይጠይቅ ነበር። አንተም የሰው ሐሳብ የምትሰርቅ አልነበርክምና ለጋዜጠኛው ሁሉ "ያየችው እህቴ ናት" አልክ።

ከዚያማ አዲስ ፊልም በሠራህ ቁጥር ጣሳዎቹን ተሸክመህ ከች ትላለህ። "እስኪ ይታይሽ" ትለኛለህ። እኔ ደግሞ ምንም ሳይታየኝ ግንባሬን ቋጥሬ ሁለተኛውን ወደ አምስተኛ፣ የመጨረሻውን ወደ መጀመሪያ አዛውራለሁ። በሁለተኛው ፊልም ሰው ሳቀብህ፣ በሦስተኛው አዛጋ፣ በአራተኛው ጭራሽ አልመጣም። ሚስትህ "አንተ ትሠራለህ፣ እህትህ ታበላሻለች" ብላ ጓዟን ስትሸክፍ፣ ስለ እኔ ተከራክረህ እሷን ሸኘሃት። እውነቷን ነበር የተናገረችው።

ይህን ሁሉ ምናልባት ይቅር ትለኝ ይሆናል። የእማማን ፊልም ግን እኔም ለራሴ ይቅር አላልኩም። ማንንም ለማስቆጣት ያልሠራኸው ፊልም እሱ ብቻ ነው። እንደ እማማ ያለች አንዲት ልብስ ሰፊ ጠዋት የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ማታ ትነሳለች፤ በመሀል ልጇን በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ታስተምራለች። አይቼው አለቀስኩ። አንተ አጠገቤ ሆነህ ቀስ ብለህ፣ "ይሄኛው እንዳለ ቢተው አይሻልም?" አልከኝ።

ይሻላል ማለት ነበረብኝ። ግን እንዳለ ከተሻለ ለምን እፈለጋለሁ? ከእንግዲህ ማን መጥቶ ይጠይቀኛል? ፈራሁ፣ ወንድም ጋሼ። "መጨረሻው መጀመሪያ ይምጣ፤ የመርፌው ይውጣ" አልኩህ። መቀሱን አነሳህና፣ "አንቺ ካልሽ እሺ" አልክ። የቆረጥከውን እዚያው ቆሻሻ ውስጥ ጣልከው፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ፊልሙን ያየው ሰባት ሰው ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሚያሠራህ አላገኘህም።

ትናንት በአረጋውያን መጦሪያው ነርሷን እጇን ይዘህ፣ "ያለዚህች እህቴ እኔ ምንም አልነበርኩም" ስትላት ብርቱካን እየላጥኩልህ ነበር። ነርሷ ፈገግ አለችልኝ። ያኔ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ቤትህ ሄዷል፣ ትዳርህ ሄዷል፣ ስምህንም የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። የቀረህ አንድ እኔን ማመንህ ነው፤ እሱን ነጥቄህ በምን ልትውል ነው? ብርቱካኑን ከፍዬ እጅህ ላይ አስቀመጥኩልህ።

ስለዚህ በቃሌ ያቃተኝን ይኸው ጻፍኩት። ዓይንህ ከጠፋ ወዲህ የመጣልህን ደብዳቤ ሁሉ የማነብልህ እኔ ነኝ። ሐሙስ ይህን ይዤ መጥቼ ካልጋህ ጫፍ እቀመጣለሁ፤ ፖስታውን እንድትሰማው አድርጌ እቀደዋለሁ። "ከአንድ አድናቂህ ነው" እልሃለሁ፤ ከዚህ ከጻፍኩት አንዲት ቃል አላነብልህም። እኔ የፈጠርኩት ያ አድናቂ ፊልሞችህን በሙሉ፣ ከሁሉም አብልጦ ደግሞ የእማማን፣ እንደሚወድ የጻፈ ሰው ይሆናል። ድገሚልኝ ማለትህ አይቀርምና፣ ቃሉ እንዳይለዋወጥብኝ ከአሁኑ እያጠናሁት ነው።

እህትህ