ኢኮኖሚክሱን ተዪልኝ

ለማትጠገቢው ታናሽ እህቴ፣ ለቤታችን ዳኛ፦

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? ያ በየክረምቱ የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮ ተወሽ ወይስ እዚያም ተከትሎሽ ሄደ? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? አከራይሽስ ማሞቂያውን መዝጋት ተወች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ከደረጃው ጋር እንደተጣላ ነው። አባዬም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሙሉ ሲፈልገው ይውላል።

መልእክትሽ የደረሰኝ አውቶቡስ ድርጅቱ ቢሮ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ በኢኮኖሚክስ፣ ሌላው በፐብሊክ ፖሊሲ እንደተቀበለሽና ምርጫው ግራ ስለገባሽ እኔ እንድመርጥልሽ መፈለግሽን ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩ። ሒሳብ ሹማችን አይታኝ ምነው ፊትህ ጠቆረ፣ ክፉ ወሬ ነው ወይ አለችኝ። የለም፣ እህቴን ሁለት ቦታ ተቀበሏት አልኳት። ታዲያ ምን ሆነህ ነው ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ምን ልበላት? ቀንቼ ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም። አምና እኔ ለኢኮኖሚክስ አመልክቼ እናዝናለን ብለው በአንድ አንቀጽ ሸኙኝ፤ አንቺ ሁለቱን ይዘሽ ግራ ገባኝ ትያለሽ።

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሳለች። ልብስ ሰፊዋ እንኳን ደስ አላችሁ ብላ እጄን ስትጨብጠኝ ጥርሴን ገለጥኩ እንጂ አልሳቅሁም። አባዬ ኢኮኖሚክስ ይሁን ባይ ነው፤ ምነው ስለው ስሙ ይከብዳል አለኝ። እማዬ ደግሞ ቶሎ የሚያልቀው ይሻላል ትላለች፣ ቶሎ እንድትመለሺላት።

እኔም ኢኮኖሚክስ ተማሪ ብዬ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። የገበያን ጠባይ ማወቅ ነው፣ በቁጥር ማሰብ ነው፣ የማያረጅ ሙያ ነው፣ ያላልኩት የለም። ጨርሼ ሳነበው ስለ አንቺ አንዲት መስመር የለበትም። ሁሉም እኔ የምወደው ነው። ቀደድኩት።

ያኔ ያ የአውቶቡስ ፌርማታ ትዝ አለኝ። ድርጅታችን ከክሊኒኩ በር አንስቶ ገበያው ማዶ ሲወስደው፣ እኔ የትኬት ሽያጩ ለምን እንደወረደ ለማወቅ ራቴን ትቼ ወረቀት ላይ ተደፋሁ። አንቺ ጫማሽን አጥልቀሽ፣ ምርኩዝ የያዙ አሮጊቶች አስከትለሽ፣ ይህን የወሰነው ማነው እያልሽ ቢሯችን ድረስ መጣሽ። አለቃዬ በጓሮ በር ሲሾልክ እኔም ጠረጴዛ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝ። ፌርማታው ተመለሰ። የእኔም ስሌት ልክ ነበር፣ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ያን ቀንም ቀንቼብሻለሁ።

ስለዚህ ፐብሊክ ፖሊሲ ተማሪ። ኢኮኖሚክሱ አያቅትሽም፤ ግን ስሌቱን ሳትጨርሺ ተነስተሽ ጫማሽን ትፈልጊያለሽ። በዚያ ላይ ፖሊሲውም ውስጥ ኢኮኖሚክስ አለ፤ የሚበቃሽን ያህል ያስተምሩሻል።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ አልደብቅሽም። መስኮት ያለውን ክፍል ወሰድሽ፣ ዝም አልኩ። የእማዬን ዓይን ወሰድሽ፣ ዝም አልኩ። ኢኮኖሚክሱን ግን ተዪልኝ። በሚቀጥለው ወር ማመልከቻ መቀበል ሲጀምሩ እንደገና እሞክራለሁ። ዳግመኛ መልሰውኝ፣ አንቺ ለዕረፍት መጥተሽ ራት ላይ ስለ ገበያ ብታስረጂኝ፣ እሱን አልችለውም።

አባዬ በርቺ ብሎሻል። አክስታችን የላክሁልሽ ሹራብ ልክሽ መሆኑን ሳትነግሪኝ ቀረሽ ብላ አኩርፋለች፤ ጻፊላት። እማዬ ደጋግማ ስማሻለች። አሁን ከኋላዬ ቆማ ምን ብለህ መከርካት አለችኝ። ነገርኳት። ለእሷ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ ስትለኝ፣ ግማሽ ግማሽ ነው አልኳት። ለራስህ ያልከውን እንዳትሰርዘው ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ይቺኛዋን አላስተላልፍልሽም፤ የእኔ ናት።

ቀናተኛው ወንድምሽ

ከሳሎናችን ጠረጴዛ፣ እሁድ ሰኔ 12 ቀን