መራራው ክሉዌክ

ፓሱሩዋን፣ ጁላይ 12 ቀን 1994

ምላሴ ጣዕም አይለይም።

ውድ እትዬ ሱንዳሪ፣

በዝናቡ ወራት ትኩሳት ያዘኝ፤ ሲለቀኝ ጣዕሙን ይዞት ሄደ። ጨውም ሎሚም አንድ ሆኑብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ጨው በእጄ ልማድ እጨምራለሁ፤ ሥጋው መብሰሉን በጣቴ አውቃለሁ። መረቁን የሚያጠቁረው ክሉዌክ ግን በእጅ አይታወቅም። አንቺ እያንዳንዱን ሰብረሽ፣ ጥቁሩን ፍሬ በጥፍርሽ ቆንጥረሽ ትቀምሺ ነበር። አንድ መራራ ካመለጠ ራዎኑ፣ ያ ጥቁሩ የሥጋ መረቃችን፣ በሙሉ ይደፋል።

ባለፈው ሳምንት አመለጠኝ። ባለጋሪው ጋሽ ዋጊማን አንድ ማንኪያ ቀምሶ ሳህኑን ገፋው።

«ላስሚኒ፣ ወባ የያዘኝ መሰለሽ እንዴ? ኪኒኑን ፈጭተሽ ነው የሰጠሽኝ?»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ድስቱን ጓሮ ስደፋው ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹ ማዶ ወዳለው ኑድል ቤት ተሻገሩ። በዚህ ከቀጠለ የእናታችን ምግብ ቤት ይዘጋል።

አንቺን ያስኮረፈሽ ስኳር ነው። ጣፋጭ ወጥ ለምደው ከጆግጃ ለሚመጡት ነጋዴዎች ብዬ መረቁ ላይ ብጨምር፣ «ራዎን በስኳር? እዚያው ጆግጃ ሄደሽ ሽጪላቸው!» ብለሽ ሽርጥሽን ምስማሩ ላይ ሰቀልሽ፤ በዚያው ፕሮቦሊንጎ፣ ልጅሽ ዘንድ ቀረሽ። እነሱ ግን ወደውት ነበር። ይህን ዛሬም እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ወረድኩ። ክሉዌክ የምትሸጥልን ካስያቲ እንደ ደንቡ አንዱን ሰብራ አቀመሰችኝ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው፤ መዝኚልኝ።»

ሳቋን ለቀቀችው። «አንቺ! ልጥለው ያስቀመጥኩት እኮ ነው፤ ሬት ነው! ፊትሽ ሲጨማደድ ልይ ብዬ...» ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህትሽ ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

ክሉዌኩን ሚዛኑ ላይ፣ ቅርጫቴን እግሯ ሥር ትቼ ወጣሁ። «ኧረ ሴትዮ፣ ዕቃሽ!» እያለች ስትጣራ ሰምቻለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። አፋችንን ከከፈትን እንደምንጣላ አውቃለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ለልጅሽ እሰጣታለሁ፤ አንቺ እስክትጨርሺው ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስኳሩ ይቀራል። ሽርጥሽን አላመጣሁልሽም፤ እዚያው ምስማሩ ላይ ይጠብቅሻል።

የፕሮቦሊንጎው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል።

ታናሽሽ ላስሚኒ