ይህን ጽሑፍህን አላሳልፍም

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 9 ቀን

ለዚያ ለሩቁ ሰውዬ፣ ለባለቤቴ፤

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ ልጅህ ከጠባይዋ በቀር። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል፣ ምላሷ ግን ካለፈኝ ቆይቷል። በማን እንደወጣች አንተው ታውቃለህ። ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ እንደሆን "ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኑ" ብለህ ትዘጋብኛለህ፤ ይህን ግን እስከ መጨረሻው ማንበብህ አይቀርም።

ረቡዕ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። "አሠሪዎቼ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ፈርም ብለውኛል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔም ደህና ነኝ። ልፈርም?" ብለሃል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔም እንደ ልማዴ "እሺ፣ ደስ ካለህ" ብዬ ጽፌ፣ ልልከው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሰኝ።

ያ በመስኮቱ በኩል ያለው የቢሮ ጠረጴዛችን ትዝ ይልሃል? አንድ እግሩ አጥሮ ካርቶን አጥፈህ ያስደገፍከው? ካርቶኑ ዛሬም አለ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ኮድ ስንጽፍ አንተ ነገሩ ሲጠፋብህ በጣትህ ጠረጴዛውን ትመታ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጣትህ አመታት ብቻ የቱ ጋ እንደተጣበቅክ አውቅ ነበር። በእኛ ሥራ አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦ ሳያሳልፈው ለደንበኛ አይወጣም። አንተ የእኔን፣ እኔ የአንተን እናሳልፍ ነበር። ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ የሚጨቃጨቁበትን እኛ ሻያችን ሳይቀዘቅዝ እንጨርሰዋለን። "ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል" እያሉ ሲያሾፉብን እንዴት ደስ ይለን ነበር! እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ዘመን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ማታ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻህ ላይ ተኝቼ የምንወርድበትን ያሳለፍንበት ቀን እንኳ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ የሥራችንን ቁጥር እንድትመረምር የቀጠራት ባለዳታዋ መጣች። መጀመሪያ ላይ እንዴት ሳቅንባት! ሰው እንደ ሽንኩርት ተመዝኖ ቡድን ይዋቀራል እንዴ ብለን። እሷ ግን ስቀን እስኪወጣልን ጠብቃ የሁለት ዓመት ሥራችንን ሰበሰበች፤ ማን ጻፈው፣ ማን አንብቦ አሳለፈው፣ ስህተት ተገኝቶበት ከደንበኛ የተመለሰው የቱ ነው እያለች። በፍጥነት እኛን የሚያህል አልተገኘም። ተመልሶ በሚመጣ ሥራም እኛን የሚያህል አልተገኘም። ስለዚህ አንተን ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቡድን፣ እኔን ከአቶ ለምን ጋር መደበችን። አንተ ከወንበርህ ተነስተህ "ትዳሬን ነው የምትመዝኑት?" አልክ፤ እኔም ካንተ ወግኜ ስንት ቀን አኮረፍኳት። ወሩ ሳይሞላ የሩቁን ሥራ አገኘህና "ልሂድ?" አልከኝ። "እሺ፣ ደስ ካለህ" አልኩህ። ሻንጣው እምቢ ብሎ እኔ ስጫነው አንተ ዘጋኸው፤ ይኸው ሁለተኛ ዓመታችን ሆነ።

አቶ ለምንን አትረሳውም መቼም፤ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው፣ ደህና አደርክ ቢሉት እንኳ ለምን የሚለው ሰውዬ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ላንቀው ምንም አልቀረኝም ነበር። ጽፌ የሰጠሁትን አያሳልፍም፤ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" እያለ ይመልስልኛል። ባለፈው ወር የክሊኒኩን የቀጠሮ ፕሮግራም ሳድስ አንድ ቦታ ላይ ያዘኝ። ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን ያዛወረ ሕመምተኛ የድሮው ወረፋው የት ይገባል ብሎ ጠየቀኝ። ፕሮግራሙን ከፍቼ አየሁት። ለካ ወረፋው አይሰረዝም ኖሯል። ሰውየው ሳይኖር ቦታው እንደተያዘ ይቀራል፣ ሌላው ታሞ ሲመጣ ሞልቷል ይባላል። ያንን ክፍል የጻፍከው አንተ ነህ፣ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚያው በምንወደው ጠረጴዛ ላይ። አንተም ይሰረዛል ብለሃል፣ እኔም ይሰረዛል ብዬ ይዤዋለሁ፤ አንዳችንም አንዳችንን አልጠየቅንም።

ተነሥቼ ባለዳታዋ ዘንድ ሄድኩ። ታዲያ እኔና እሱ ሰነፎች ነበርን ወይ አልኳት። ወንበር ሳበችልኝ።

"ሰነፎችማ አይደላችሁም። በጣም ስለምትተዋወቁ አትጠያየቁም። ቁጥሩ የሚለው ይህንን ብቻ ነው፤ ስለ ቤታችሁ አላውቅም።"

ስለ ቤታችንማ እኔ አውቃለሁ። ያን ቀን ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ልጅህ ምን ሆንሽ እስክትለኝ ድረስ አሰብኩ። "ልሂድ?" ያልከኝ አትሂድ እንድልህ ነበር ወይ? "እሺ" ያልኩህስ ከልቤ ነበር ወይ? አየህ፣ ይህንንም ሳንጠያየቅ ይሰረዛል ብለን ትተነዋል።

እንግዲህ የረቡዕ ጽሑፍህን አላሳልፍም። ከነጥያቄዬ መልሼልሃለሁ። ደህና ነኝ ያልከው ምንህን ነው? እራትህን ከማን ጋር ትበላለህ? ጣትህ ጠረጴዛውን ሲመታ "እዚህ ጋ ነው የተጣበቅከው" የሚልህ ሰው አለ? ልጅህ ደግሞ የራሷን ጨምሪልኝ ብላለች፤ አባዬ ደህና ነኝ ሲል ድምፁ የሚቸኩለው ለምንድን ነው ትላለች። የመጨረሻው የእኔ ነው፤ ልፈርም ያልከው አትፈርም እንድልህ ነው? ከሆነ፣ አትፈርም። ካልሆነም ናፍቀኸኛልና ሳልነግርህ አልቀርም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንተ ተመድበህ በነበረበት ቡድን፣ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ባለዳታዋን ጠይቄያታለሁ፤ አንድ ቡድን አትሁኑ እንጂ አንድ አውቶቡስ አትሳፈሩ አላልኩም ብላ ሳቀች። ቀን ቀን አቶ ለምን እኔን ያድርቀኝ፣ አንተንም ሌላ ሰው ያድርቅህ፤ ማታ ግን የምንወርድበትን እናሳልፍ።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ከችኮላም ይጠብቅህ። ትተኸው የሄድከው ብርድ ልብስ አልጋህ ላይ ነው፤ አላነሳሁትም።

የትናንት አሳላፊህ፣
የዛሬ ጠያቂህ፣
ሚስትህ