መጽሐፉ የሚከፈትበት ገጽ

ልጄ፣ የእናትሽ ዓለም፣ የላይኛው ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ በወጣሽበት በገባሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ግን ደረጃ መውጣት አስጠልቶታል፤ የጓዳው ጣሪያም ማፍሰሱን አልተወም።

ባለፈው «ሥራሽን ልቀቂና ነይ፣ ፈጣሪ ተናግሯል» ብዬ የጻፍኩልሽ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ መጽሐፍ ቅዱሱን ሦስት ቀን ብከፍተው፣ ሦስቱንም ቀን ጣቴ ያዕቆብ ወደ አገሩ እንዲመለስ የታዘዘበት ላይ አረፈ። ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት አለ ብዬ ነበር።

ትናንት ለአባትሽ ነገርኩት። ዕድሜውን ሙሉ መጽሐፍ ሲጠርዝ የኖረ ሰው አይደል? መጽሐፉን ተቀበለኝና በጥራዙ በኩል ጠረጴዛው ላይ አቁሞ እጁን ለቀቀ። እዚያው ገጽ ላይ ተከፈተ። ደገመው፤ እዚያው።

«እሜቴ፣ የልጅቷን ፎቶ ስንት ዓመት እዚህ መሀል አስቀመጥሽ? ጥራዙ እኮ እዚህ ጋ ላልቷል» አለኝ።

ለካ ሳነበው ሳይሆን ስጠነቁልበት ነው የከረምኩት። ዛሬ ምዕራፉን ከመጀመሪያው አነበብኩት፤ ስለ ያዕቆብ እንጂ ስለ አንቺ አንዲት ቃል የለበትም።

እባክሽ ልጄ፣ መልቀቂያውን አስገብተሽ እንዳይሆን ቶሎ ደውዪልኝ። ካላስገባሽ ያዢው። ቃሉን ራስሽ ረጋ ብለሽ አንብቢ፣ ጸልዪበት፤ የእናትሽን ጣት አትከተዪ። ፎቶሽን አውጥቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ መጽሐፉ ግን አሁንም እዚያው ይከፈታል።

እሱ ቀናውን መንገድ ያሳይሽ። ነይ ያልኩሽ እኔ ነኝ።

እናትሽ