ዙሪ ከውሃ ያወጣችው ወረቀት

ናይሮቢ፣ ጥር 1998 ዓ.ም.

ወርቂቱ እህቴ፣

ፖስት ካርዱ ጠባብ ነውና ትናንት ያየሁትን ብቻ ልንገርሽ። ወንድማችን ሚልኬሳ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር፣ ማማ ንጄሪ በሚባሉ ጡረታ የወጡ ሴት ሐኪም ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሴትየዋና ዙሪ ከምትባለው ላብራዶር ውሻቸው ጋር ወደ አንድ ግድብ ሄድን። ሚልኬሳ ስድስት ዓመት ጠብቆ ያገኘውን የስደተኛ ወረቀት በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ሊያሳየኝ ሲያወጣ ነፋስ ነጥቆ ውሃው ላይ ጣለው። ዋና ሳይችል ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ማማ ንጄሪ ክንዱን ያዙና «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በል፣ እሷ ታምጣው» ብለው ዙሪን ላኳት።

«በጥርሷ ትቀደዋለች!» አለ።

«አትቀደውም። ቅድመ አያቶቿ ካናዳ ውስጥ በቀዝቃዛው ባሕር ለዓሣ አጥማጆች መረብ ይጎትቱ ነበር። ኋላ እንግሊዞች የተመታ ዳክዬ ሳይጎዱ እንዲያመጡላቸው አሠለጠኗቸው።»

እውነታቸውን ነው። ዙሪ በጣቶቿ መሃል እንደ ዳክዬ እግር የተወጠረ ቆዳ አላት፤ በወፍራም ጅራቷ አቅጣጫ እየያዘች ዋኝታ ወረቀቱን በአፏ አምጥታ ሚልኬሳ እጅ ላይ አኖረችለት። ፕላስቲኩ ላይ የጥርስ ምልክት እንኳ የለም። ሚልኬሳ ተንበርክኮ እርጥብ አንገቷን አቅፎ አለቀሰ። እኛ ቢሾፍቱ ውሻ በር ላይ ከማሰር በቀር መቼ አቅፈን እናውቃለን?

ቦታው አለቀብኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። እማዬን ስታገኚያት ሚልኬሳ ወፍሯል፣ ይስቃልም በያት። ውሃ ውስጥ ሊገባ እንደነበር ግን አደራ፣ እንዳትነግሪያት።

ሐሊና