ደመላሽን ምን እንበለው

ነሐሴ 4፣ ከሰዓት
ዛሬም ጎልማሶቹን ፊደል አስተማርኩ። ዝናቡ የት/ቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበ ድምፄን ዋጠው። በ«ቀ» የሚጀምር ቃል ስጡኝ ብል ሴቶቹ አንድ ላይ «ቀልደኛ» ብለው እኔን እያዩ ሳቁ። ወረታ ላይ ምን ይደበቃል? ደመላሽ ሽማግሌ ልኮ፣ አባባ «ልጄን ለቀልደኛ ገበሬ አልሰጥም» ብለው እንደመለሱ ሁሉም ያውቃል።

አፍሬ ወደ ሌላ ፊደል ልለፍ ስል ክርክር ገጠሙ። ቀልደኛ ስድብም ምስጋናም ነው፣ እንደ ተናጋሪው። ዋዘኛ አደራ የማይሰጡት ሰው ነው። አሽሟጣጭ እያሳቀ ይወጋል። ባላቸውን በቅርብ የቀበሩት እማማ ጥሩነሽ ግን ደመላሽ ተጫዋች ነው አሉ። ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ አጫውቶ፣ እህል ያስቀመሳቸው እሱ ነው። ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ።

ማስታወሻዬ፣ አባባ ይህን በሰሙ።

ነሐሴ 7
ደመላሽ ታሰረ።

የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነው። ካድሬው የርብን ወንዝ እናሸንፋለን፣ ጎርፉን እንገታለን እያለ ብዙ ተናገረ። ደመላሽ ከኋላ ተነሣ፤ በትሕትና። «ጓድ፣ ታዲያ ርብ ለምን ስብሰባ አልተጠራም?» ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሊ/መንበሩ እንኳ አፉን በእጁ ሸፈነ። ካድሬው አልሳቀም። «አላጋጭ» አለው። በአብዮቱ አላገጠ ከተባለ ቀላል አይደለም። ሸንጎ እስኪቀርብ ባዶ ጎተራ ውስጥ ቆልፈውበታል።

ነሐሴ 8፣ ከሰዓት
አባባን ከቅዳሴ ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። እርስዎ ይናገሩለት አልኩ። እንቢ ያልኩትን ሰው? አሉ። እህል ሳይቀምሱ ጋደም አሉ። ተናደድኩ። ቆይቶ አዘንኩላቸው። ቄስ ናቸው፤ ለራሳቸውም ይፈራሉ።

ነሐሴ 10
ሸንጎ። ዝናቡ አባርቷል። ሊ/መንበሩ ደመላሽን የሚያውቅ ይናገር አለ። ልነሣ ስል አባባ ቀደሙኝ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው።

«ልጄን ከልክዬዋለሁ፤ አዳላለት የሚለኝ የለም። አላጋጭ በሰው መከራ ይስቃል። የዚህ ልጅ ጤፍ ግን ውሃ ውስጥ ነው። የሳቀው በራሱ መከራ ነው። እንዲህ ያለውን እኛ ተጫዋች ነው የምንለው።»

ካድሬው ማሳው እውነት በጎርፍ ሄዶ እንደሆነ ጠየቀ። ሕዝቡ አዎ አለ። የሸንጎው ሰዎች ተንሾካሾኩ፣ ቆዩ። ተመክሮ ይለቀቅ፣ የወንዙን ዳር በአፈር ከሚደለድሉት ጋር ይሥራ ተባለ።

ደመላሽ የአባባን ጉልበት ሳመ። አንድ ቃል አልቀለደም። ያ አስፈራኝ።

ነሐሴ 12፣ ጠዋት
አሁንም ዝም ብሏል አሉ። አፈር ሲቆፍር ይውላል፤ ሲያናግሩት «ደኅና» ብቻ። እማማ ጥሩነሽ ጎብኝተውት በሐዘን ተመለሱ።

አባባ ጠሩኝ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቢመጡ እሺ ሊሉ ነው። አንቺስ? አሉኝ። ጋቢያቸው ላይ አለቀስኩ፤ መልሱ ገባቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ብቻ ንገሪው፣ በሠርጉ ዕለት እንዲህ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥብን» አሉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቁ ነበር።

ሽማግሌ እስኪመጣ አልጠብቅም። ሴት ልጅ ራሷ ሄደች ይባላል፤ ይባል። ነጠላዬን ለብሻለሁ። ርብ ዳር ድረስ ጭቃ ነው። አባባ ያሉትን ሰው ሳይቀድመኝ፣ በራሴ አፍ፣ ፊቱን እያየሁ እነግረዋለሁ።